የት አደሩ?

ኮሎኝ፣ ጀርመን
መጋቢት 9 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ ፀዳለ
አሰብ

እዚህ በረዶው መቅለጥ ጀምሯል፤ እርስዎ ዘንድ ደግሞ ሙቀቱ ሊነሣ ነው። እግዚአብሔር ከሁለቱ መካከል ያለውን አየር ለሁለታችንም ያድለን ብዬ፣ ከመሬት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ጋሼ መርሻ እንዴት ናቸው? ወደብ ክሬን ላይ ተቀምጠው ሰውን ሁሉ ቁልቁል ሲያዩ እንዳይኮሩ ይምከሩልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ አከራዬ ፍራው ሄልጋ ሽንኩርት ቀቅላ አጠጥታኝ ተነሣሁ።

የዛሬው ደብዳቤ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ፕሮፌሰሩ የመመረቂያ ጽሑፌን ርዕስ ተቀበሉልኝ። ነገሩ ስለ ቢሮክራሲ ነው። እኛ አገር ቃሉ ስድብ ነው፤ «ነገ ተመለስ» ማለት ነው። እኔ ግን እዚህ ስማር የገባኝ፣ ደህና ቢሮክራሲ ፊት የማያውቅ አስተዳደር መሆኑ ነው። ጸሐፊው የአጎትዎ ልጅ ቢሆን፣ ባላንጣዎም ቢሆን፣ ቢለምኑትም ቢረግሙትም የሚፈጽመው የተጻፈውን ነው። የአባቴን የኩታበር መሬት ያስታውሳሉ። ዳኛው የባላጋራችን አማች ባይሆን ኖሮ አባቴ በሰው እርሻ ላይ ሲደክም አይሞትም ነበር። እኔ ይህን ትምህርት የመረጥሁት ለዚያ ነው እንጂ ለዲግሪው አይደለም።

ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት አንድ ክረምት አዲስ አበባ በቆጠራ ሥራ ላይ እንደነበርሁ ጽፌልዎት ነበር። ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር፣ ጨርሶም እንዳይረሳ፣ ቆጣሪው ሁሉ የሚጠይቀውን አንድ ጥያቄ ያወጣነው እኔና ሁለት ጓደኞቼ ነን። «ትናንት ማታ የት ቤት አደሩ?» የሚል ነው። ሰው ሁለት ቤት ሊበላ ይችላል፤ በአንድ ሌሊት ሁለት ቤት ግን አያድርም። ቤት ያደረ ነዋሪ ይባላል፤ ቤት ያላደረ ተላላፊ ይባላል። አለቀ።

በዚህ ክረምት አሰብ በዚሁ ጥያቄ እንደምትቆጠር ሰምቻለሁ። በውኃ ዕደላ ጽሕፈት ቤት የጽሕፈት መኪና የሚመቱት እርስዎ ስለሆኑ ውጤቱ በእጅዎ ያልፋል። ምስጢር አይደለም፣ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። የየሠፈሩን ድምር ቢልኩልኝ ጽሑፌ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አገኘ ማለት ነው።

የእህትዎ ልጅ
ስለሺ


አሰብ
ነሐሴ 20 ቀን 1961 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለስለሺ

የሰማይና የምድር ጌታ በሄድህበት ይጠብቅህ። ቀለሙ እዚህም እዚያም ቢፈስ ከላብ ነው፣ ከእንባ እንዳይመስልህ። መርሻ ደህና ነው። መኩራቱን ትቷል፤ ክሬኑ ውስጥ ያለው ሙቀት ኩራት አያስተርፍም።

ያ ጥያቄህ እኛ ዘንድ ደረሰ። ምን አድርገንህ ነው ልጄ? ደሴ ሳሳድግህ «እንዴት አደራችሁ» በል ብዬ ነበር ያስተማርሁህ፤ «የት አደራችሁ» ያለህ ማን ነው?

ሐምሌ ላይ ነው። አሰብን አይተሃት አታውቅምና ልንገርህ፤ እዚህ ከግንቦት እስከ መስከረም ቤት ውስጥ የሚያድር ሰው የለም። ግድግዳው የቀኑን ሙቀት የሚተፋው ሌሊት ነው። ሹሙ በረንዳው ላይ፣ እኛ ግቢያችን ውስጥ፣ ሌላው በሩ ፊት፣ ወደብ ሠራተኛው ባሕሩ ዳር ነው የሚተኛው። እና ገና አልጋ ሳናስገባ ውድነህ የሚባል ተማሪ፣ በዚያ ሙቀት ክራቫት አስሮ፣ ባሌ ፊት ቆሞ «እመቤቴ፣ ትናንት ማታ የት አደሩ?» አለኝ። መርሻ ጢሙን ይላጭ ነበር፤ ምላጩን እንደያዘ ዞረ። «እስቲ ንገሪው፤ እኔም ልስማ» አለ። «እዚሁ፣ ባሌ አጠገብ» ብዬ አልጋችንን አሳየሁት። ጻፈና ሄደ።

ጨው ዳር ሠፈር ግን እንዲህ በሳቅ አላለፈም። ጨው ዳር ባሕሩ ሲሸሽ ጨው ከሚተውበት ዳርቻ ያለ የአፋሮች ሠፈር ነው፤ ቤቶቹ የእንጨትና የሰሌን ናቸው። የቢሯችን ተላላኪ ዓብደላ ከሚስቱ ከዙሌይኻ ጋር እዚያ ይኖራል። ውድነህ ዙሌይኻን «የት አደርሽ?» ሲላት ጫማዋን አውልቃ ወረወረችበት። ዓብደላ ገላገለና «ልጄ፣ ውጭ ነው ያደርነው፣ በአላህ ሰማይ ሥር» አለው። እውነቱን ነው። ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱም ጎረቤት ያንኑ እውነት ተናገሩ።

ድምሩን የመታሁት እኔ ነኝ። ጨው ዳር፤ ነዋሪ፣ የለም። ተላላፊ፣ ከሦስት መቶ በላይ። ዓብደላ ወረቀቱን ወደ አለቃችን ወደ አቶ ሀብቴ ሊያደርስ ሲወስድ አነበበው። «እትዬ፣ ተላላኪ ነበርኩ፤ አሁን ደግሞ ተላላፊ ሆንኩ። ዕድገት ነው?» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰና «ተላላፊ ሲባል በሽታ ነው ወይስ ሕግ የጣሰ?» ብሎ ጠየቀኝ። ኧረ መንገደኛ ለማለት ነው አልሁት። «እኔ ወዴት ነው የምሄደው?» አለኝ።

የጠየቅኸኝን ድምር ከዚህ ጋር አድርጌያለሁ። ከተቻለህ ለጽሕፈት መኪናዬ ሪባን ላክልኝ፤ የዚህ አገሩ ቶሎ ይደርቃል።

አክስትህ
ፀዳለ


ኮሎኝ
ኅዳር 14 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለእትዬ ፀዳለ

ሚካኤል በክንፉ ይጋርድዎት። ሪባኑን ሁለት አድርጌ በሌላ ፖስታ ልኬያለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሳይደርስ አይቀርም።

ደብዳቤዎን ሳነብ ስቄ ልሞት ነበር። ጋሼ መርሻ ምላጭ ይዘው ሲዞሩ ታየኝ። ዙሌይኻንና ዓብደላን ይቅርታ ይጠይቁልኝ፤ ተላላፊ የቆጠራ ቃል ነው እንጂ ስድብ አይደለም።

ድምሩ ግን፣ እትዬ፣ ወርቅ ነው። የጽሕፈት ቤቱን የራሱን ተላላኪ ቆጣሪው ሳያዳላ ተላላፊ ብሎ ጻፈው! ይህን ለፕሮፌሰሩ ስነግራቸው ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ፤ እዚህ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ይታዘንላቸው ቢባል እኮ ዛሬ ለዓብደላ የታዘነ ነገ ለዳኛ አማች ይታዘናል። እርስዎ ያንን ፍርድ ቤት አይተዋል።

አሁን የሚያስፈልገኝ ከቆጠራው በኋላ ያለው ነው። ውኃው በአዲሱ ድምር ሲታደል ስንት በርሜል ተረፈ? ደንብ ብክነትን እንደሚቀንስ የማሳየው በዚያ ነው። እስከ ክረምት ጽሑፌን ካስረከብሁ አዲስ አበባ የሥራ ቦታ ተጠብቆልኛል። የዚያን ጊዜ በመጀመሪያው አውቶቡስ አሰብ እመጣለሁ።

ልጅዎ
ስለሺ


አሰብ
መጋቢት 30 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለስለሺ

እግዚአብሔር ዕድሜና ማስተዋል ይስጥህ። ደብዳቤህና ሪባኑ ከገና በፊት ደርሰውኛል። እስከ ዛሬ ዝም ያልሁት ታምሜ አይደለም። ጽፌ ጽፌ ስድብ እየሆነብኝ ቀድጄው ነው።

ስንት በርሜል ተረፈ ብለሃል። የጨው ዳር በርሜል ሁሉ ተርፏል። ለተላላፊ ውኃ አይመደብምና ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ውኃ የሚያመላልሰው ቦቴ መኪና እዚያ አይሄድም። ሴቶቹ ከጨዉ ጀርባ ካለው አሮጌ ጉድጓድ ይቀዳሉ። ያንን ውኃ ቀምሼዋለሁ፤ ለዕቃ ማጠቢያም አይሆንም።

የዙሌይኻ እናት ሐኪማ የካቲት ላይ ሞተች። ሐኪማን አታውቃትም። ሙሽራ ሆኜ አሰብ በገባሁበት በመጀመሪያው ክረምት፣ ደጅ መተኛት ነውር ነው ብዬ ቤት ውስጥ ስታፈን፣ አልጋዬን በገዛ እጅዋ ጎትታ ያወጣችልኝ እሷ ናት። አማርኛ አታውቅም ነበር፤ እኔም አፋርኛ። እየጎተተች ትቆጣኝ ነበር፣ እኔ አለቅስ ነበር። በዚያ ሌሊት ከመጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ። ውኃው ሆዷን ይዟት አሥር ቀን ሳትሞላ ነው ያለፈችው። ሐኪም አላያትም፤ ሠፈሩ ግን የገደላት ምን እንደሆነ ያውቃል።

ዓብደላ ሞቷን ሊያስመዘግብ መጣ። በየቀኑ ራሱ የሚከፍተውን በር እንደ እንግዳ አንኳኩቶ ገባ። መዝጋቢው አባተ መዝገቡን ገለጠና «ጨው ዳር ነዋሪ የለም ይላል። የሌለ ሰው እንዴት አድርጌ ሞተ ልበል?» አለው። ሊቀልድ አይደለም፤ አንገቱን ደፍቶ ነው ያለው። ሐኪማ እኮ ወደቡ ሳይሠራ እዚያ ነበረች።

ወደ አቶ ሀብቴ ገባሁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጉቦ አይበሉም፣ ዘመድ አይቀጥሩም። «ወይዘሮ ፀዳለ፣ እኔም አዝኛለሁ። ግን ዛሬ ለሐዘን ብዬ ደንብ ብጥስ ነገ ለአማቼ ብዬ እጥሳለሁ» አሉኝ። የአንተን አፍ የሰማሁ መሰለኝ። ደግሞም ልክ ናቸው። አባትህ ሲፈረድበት በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ደንብ ይቅር የምል ሴት አይደለሁም።

ቤቴ ገብቼ ግን አልጋችንን አየሁት። እኔስ የት ነበር ያደርሁት? ደጅ! ዙሌይኻም ደጅ። ታዲያ እኔን ማን ነዋሪ አደረገኝ? ያ ልጅ የብረት አልጋችንን አየ፣ ባሌ በመስታወት ሲላጭ አየ፣ የአገሩን አማርኛ ሰማ፤ ነዋሪ ብሎ ጻፈን። የዙሌይኻን የገመድ አልጋ አየና ተላላፊ ብሎ ጻፋት። ፊት አየ፣ ስለሺ። ለፕሮፌሰርህ «አላዳላም» ብለህ የነገርኸው ልጅ ፊት አይቶ ነው የቆጠረው።

ስለዚህ የበርሜሉን ነገር ተወውና አንድ ነገር መልስልኝ። ጥያቄውን ያወጣኸው አንተ ነህ። በገዛ ደጁ ያደረ ሰው ነዋሪ ነው ወይስ ተላላፊ? በአንድ ቃል ጻፍ፣ ፈርምበት፣ ላክልኝ። አቶ ሀብቴ የተጻፈ ያከብራሉ። ሙቀቱ ሳይገባ ይድረስልኝ።

አክስትህ
ፀዳለ


ኮሎኝ
ግንቦት 12 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለእትዬ ፀዳለ

ለሐኪማ ነፍስ ይማር። ለእርስዎም መጽናናቱን ይስጥዎት።

የጠየቁኝን ብዙ አሰብሁበት። ነገሩ ውስብስብ ነው። «ቤት» የሚለው ቃል በሥነ ሕዝብ ጥናት ብዙ ትርጉም አለው፤ አንዳንዶች ጣራና ግድግዳ ያለው ነው ይላሉ፣ ሌሎች በአንድ ማዕድ የሚበሉ ሰዎች ናቸው ይላሉ። እኔ ለብቻዬ ብወስን ሌሎች ከተሞች ላይ የተደረገው ቆጠራ ሁሉ ሊናጋ ነው። ጽሑፌንም ባለፈው ወር አስረክቤያለሁ፤ የአሰብ ምዕራፍ በጣም ተወዶልኛል። በሚቀጥለው ቆጠራ እንዲታይ ማስታወሻ እጽፋለሁ።

ደግሞ እባክዎ አይጋፈጡ። ጋሼ መርሻ የመንግሥት እንጀራ ነው የሚበሉት። የሚያስከትለውን ያስቡበት።

በሌሎቹ ሁለት ገጾች የጻፍሁትን የ«ቤት»ን ትርጉም ጊዜ ሲያገኙ ያንብቡት።

ስለሺ


አሰብ
ሐምሌ 5 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለስለሺ

ሰላም ለአንተ ይሁን። በአንድ ቃል ብልህ ሦስት ገጽ ላክህ። «ነገ ተመለሺ» ማለትህ መሆኑ ገብቶኛል፤ ቢሮ ነው የምሠራው።

መርሻ ደብዳቤህን ሳነብለት «እንጀራውን ተወው፤ ውኃ ከሌለ በምን ይቦካል?» አለ። ስለዚህ አንተን መጠበቄን ተውሁና የላክኸውን ሪባን መኪናዬ ላይ አጠለቅሁ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ አልጋ ሁሉ ደጅ ከወጣ በኋላ፣ ቤት ለቤት ዞርሁ። ጨው ዳር አይደለም የሄድሁት። ወደ እኛዎቹ፣ ወደ ላይ ሠፈር ነው የሄድሁት፤ ወደ ነዳጅ ማጣሪያው ቴክኒሻኖች፣ ወደ ጉምሩኮች፣ ወደ መምህራኑ። «ትናንት ማታ የት አደሩ?» እያልሁ። አንዷ በሩን ዘጋችብኝ። ፋናዬ፣ የቴክኒሻኑ ሚስት፣ «ምን ሰማሽ? ማነው የነገረሽ?» ብላ ክው አለች፤ የእሷን ነገር እንኳ አልጠየቅኋትም ነበር። ነገሩን ሳስረዳ ግን አንድ በአንድ እውነቱን ሰጡኝ። በረንዳ፣ ግቢ፣ ጣራ ላይ። ቤት ውስጥ ያደረ አንድ አላገኘሁም። ሁሉንም አስፈረምኋቸው።

የቀሩኝ አቶ ሀብቴ ነበሩ። ሰኞ ጧት ሳላንኳኳ ገባሁ።

«ጌታዬ፣ ትናንት ማታ የት አደሩ?»

ብዕራቸው ከእጃቸው ወደቀ። ዓብደላ ሻይ ይዞ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ምን አልሽ፣ ወይዘሮ ፀዳለ?»

«የቆጠራው ጥያቄ ነው። የእኔ አይደለም።»

ሊዋሹ ይችሉ ነበር፤ ማን ሊከሳቸው? ኮሌታቸውን ላላ አደረጉ። «መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆመብን። በረንዳው ላይ ነው ያደርኩት።»

«ከነቤተሰብዎ?»

«ከነቤተሰቤ።»

«እንግዲያው ተላላፊ ነዎት» ብዬ የመታሁትን ወረቀት ፊታቸው አኖርሁ። ያለው ይህ ነው። «በደንቡ መሠረት የአሰብ ከተማ ነዋሪ፣ የለም። ተላላፊ፣ የጽሕፈት ቤቱን ሹምና ይህን የመታችውን ጸሐፊ ጨምሮ ከተማው በሙሉ። ለተላላፊ ውኃ ስለማይመደብ ከዛሬ ጀምሮ ለማንም አይመደብም።»

ሁለት ጊዜ አነበቡት። ጥፋት ሲፈልጉ አየኋቸው። «የፊደል ስህተት የለበትም» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ የቦቴውን ሾፌር ፍቅሬን አስጠሩ። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ቤት አትሂድ። ላይ ሠፈርም አትሂድ። ከሐኪም ቤቱ በቀር የትም አትሂድ» አሉት። ፍቅሬ ያበዱ መስሎት እኔን አየኝ። በአንተ እንደተናደድሁት የተናደድሁባቸውን ሰውዬ ያን ቀን ወደድኋቸው፣ ልጄ። እውነተኛ የደንብ ሰው ናቸው፤ ደንቡ ወደ ራሳቸው ሲዞር ፊታቸውን አላዞሩም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ጩኸት አልነግርህም። የሹም ሚስቶች ጀሪካን ይዘው ከዙሌይኻ ኋላ ጉድጓዱ ጋ ተሰልፈው አየሁ። ፋናዬ ያን ውኃ ቀምሳ ተፋችውና «ይኼን ነው የምትጠጡት?» አለቻት። ዙሌይኻ «ወላሂ፣ ተላላፊ ይኼን ነው የሚጠጣው» አለቻት። በሦስተኛው ቀን ቴሌግራም ወደ አዲስ አበባ እንደ ዝናብ ወረደ።

መልሱ መጥቷል። ላይ ሠፈር ቦቴው እንዲመለስለት ታዟል። ጨው ዳር ግን ጥያቄውን ያወጡት ሰዎች ትርጉሙን በጽሑፍ እስኪሰጡ ይቆይ ተብሏል። አቶ ሀብቴ እምቢ ማለት ባይችሉ የራሳቸውን በርሜል አላስመለሱም፤ ከዓብደላ ጋር ከጉድጓዱ ያስቀዳሉ። ሁለቱ ጓደኞችህ ሥራውን ከለቀቁ ቆይተዋል አሉ። የቀረኸው አንተ ነህ። የአዲስ አበባው ደብዳቤ ወደ አንተ እየመጣ ነው፤ ምናልባት ከእኔው ጋር በአንድ ከረጢት።

እንግዲህ የእኔን ጥያቄ ብታልፈው አክስትህ ነኝና እችለዋለሁ። ይኼኛው ግን ማኅተም አለበት። የሦስት መቶ ሰው ውኃ በአንተ እጅ ነው፤ ደጅ ሙቀቱ ደግሞ ሰው እየጣለ ነው።

ፀዳለ


ኮሎኝ
መስከረም 3 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለእናቴ ለእትዬ ፀዳለ

አዲሱ ዓመት የውኃ ዓመት ይሁንልን። በአንድ ቃል መልስ ብለውኝ ነበር። ቃሉ «ነዋሪ» ነው። ፈርሜበት ለአዲስ አበባ ልኬያለሁ፤ ግልባጩን ለአቶ ሀብቴ በቴሌግራም አድርሻለሁ። እስካሁን ደርሶ ቦቴው እንደሄደ ተስፋ አደርጋለሁ።

ቶሎ ጻፍሁት ብዬ አልዋሽዎትም። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አራት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ነዋሪ ካልሁ የአሰብ ምዕራፍ ሐሰት ሊሆን ነው፤ ጽሑፌ ይመለስብኛል። በአራተኛው ቀን ፍራው ሄልጋ ለምን እንደማልበላ ጠየቀችኝ። ነገሩን ሁሉ ነገርኋት። በጦርነቱ ጊዜ ቤቷ በቦምብ እንደፈረሰ አውቃለሁ፤ ሁለት ክረምት በሰው ምድር ቤትና በፍርስራሽ ውስጥ ነው ያደረችው። «ያኔ ቆጣሪ መጥቶ ተላላፊ ነሽ ቢልሽ ምን ትይው ነበር?» አልኋት። «እኔ የዚህ ሠፈር ሰው ነኝ» አለች። ከዚያ አካፋዋን ከጓዳ አውጥታ አሳየችኝ፤ ፍርስራሹን የጠረገችበት ነው፣ እስካሁን አልጣለችውም። ወደ ክፍሌ ገብቼ ያን ቃል ጻፍሁ።

ፕሮፌሰሩ ስነግራቸው አልተቆጡም፤ ግን ጽሑፉን መለሱልኝ። መመረቄ በአንድ ዓመት ይዘገያል። አዲስ አበባ የተጠበቀልኝ ቦታም ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ከፍቶኛል፣ አልደብቅዎትም። ቢሆንም በደንብ ማመኔን አልተውሁም፤ እንዲያውም አቶ ሀብቴ በረንዳ ማደራቸውን እንደተናገሩ የጻፉልኝን ገጽ ሳነብ ያመንሁትን ሰው በዓይኔ ያየሁ መሰለኝ። እኛ ግን ያንን ጥያቄ ያወጣነው አዲስ አበባ በነሐሴ ዝናብ፣ ጋቢ ደርበን ነው። ሰው ደጅ ሊያድር ይችላል የሚል ሐሳብ ከሦስታችን ለአንዳችንም አልመጣልንም።

አዲስ ጥያቄ እንዳወጣ ታዝዣለሁ። «ቤትዎ የት ነው?» የሚል አስቤያለሁ። ከመላኬ በፊት እባክዎ ዙሌይኻን ይጠይቁልኝ፤ ጫማ ያስወረውራል?

እስከ ዛሬ ድምር ነበር የምጠይቅዎት። አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው። ሐኪማ ተመዘገበች?

ልጅዎ
ስለሺ


አሰብ
ጥር 18 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለልጄ ለስለሺ

ያሳደግሁህ እጄ ይባረክ፤ አንተም ተባረክ። ሥራው ስላመለጠህ አዝኛለሁ፤ ያንን ቃል በመጻፍህ ግን መርሻ ክሬኑ ላይ ሆኖ ሲኮራ ከታች ይታያል።

ቦቴው በመስቀል ማግስት ጨው ዳር ገባ። ፍቅሬ ከሩቅ ጀምሮ ጥሩምባውን እየነፋ ነው የመጣው። አሁን ደግሞ ለሠፈሩ ቦኖ ውኃ ሊቆም ቱቦው እየተቀበረ ነው። ቆፋሪዎቹ ቶሎ ቶሎ ስለሚያርፉ ዙሌይኻ ራሷ ትቆጣጠራቸዋለች።

ጥያቄህን ነገርኋት። ለራሷ ትንሽ ደጋገመችውና «ይኼስ ጨዋ ነው» አለች። በዚህ ወር ያው ውድነህ፣ ያው ክራቫት፣ እንደገና ሊቆጥር መጣ። ገና «ቤትዎ የት ነው?» ሳይል ተቀመጥ አለችው። እነሱ ዘንድ ሁለት ሰው ሲገናኝ ዳጉ ይደረጋል፤ መጀመሪያ መጤው ያየውንና የሰማውን፣ የመጣበትን መንገድ፣ የቤተሰቡን ደህንነት ይናገራል፣ ከዚያ ባለቤቱ ይመልሳል። ሳይሰጡ መጠየቅ የለም። ውድነህ ላቡ እየፈሰሰ ስለ እናቱ፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ ደሴ ብርድ ተናገረ። ባለፈው ቆጠራ የት እንዳደረ ማንም ያልጠየቀው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠየቀ። ሲጨርስ እሷ ከአያቷ ጀምራ የሠፈሩን ሰው ሁሉ ነገረችው፤ ሌላ ቤት መሄድ አላስፈለገውም፤ ቢሆንም ደንብ ነውና ሄደ።

ሐኪማ ጥቅምት ላይ ተመዝግባለች። አቶ ሀብቴ መዝገቡን ከአባተ ወስደው በገዛ እጃቸው ጻፉት፤ ስም፣ የአባት ስም፣ ጨው ዳር፣ ነዋሪ። ዓብደላ «ጮክ ብለው ያንብቡልኝ» አላቸው፤ አነበቡለት። «አሁን ሞተች» አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሮ ውስጥ አለቀሰ።

እኔን ከጽሕፈት መኪናው አንሥተውኛል። የላይ ሠፈር ሰዎች ጉድጓዱን አልረሱልኝም። መዝገብ ቤት አስገብተውኛል፤ ቅጣት መሆኑ ነው። ምንም አይደል፤ መዝገቡ አሁን እኔ ጋ ነው፣ ከእንግዲህ የሞተ ሰው «የለም» ተብሎ ከዚያ በር አይመለስም። የቀረውን ሪባንህን ለአዲሷ ጸሐፊ ሰጥቻታለሁ።

አንተም ጽሑፍህን ጨርስና ና። በብርዱ ወራት አትምጣ፤ ሐምሌ ላይ ና። እንደ ደሴ ልጅ ቤት ካልተኛሁ ማለትህ አይቀርም። እኔ ግን ሐኪማ እንዳደረገችኝ እየተቆጣሁ አልጋህን ጎትቼ ደጅ አወጣዋለሁ። ጧት ዙሌይኻ ከቦኖው ውኃ ቀድታ በአጠገብህ ታልፋለች። «እንዴት አደርህ?» ትልሃለች። የት እንዳደርህማ ታየዋለች።

አክስትህ
ፀዳለ
ከጨው ዳር ማዶ፣ የአሰብ ነዋሪ